ሞተሩስ መድን አለው

የመድን ድርጅቶች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሞተር የቆመ ሞተር ነው። በአጥር ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ በሰንሰለት ከምሰሶ ጋር ታስሮ፣ ሸራ ለብሶ፣ ዘበኛ ተመድቦለት የቆመ ሞተር። ባለቤቱ ከአርባ ዓመት ያለፈው፣ ባለትዳር፣ የልጆች አባት ቢሆን ይመረጣል። ሞተር መንዳት የማይወድ ከሆነማ እሰየው ነው። እንዲህ ላለው ሰው አረቦኑ ዝቅ ይልለታል፣ በቅናሽ ላይ ቅናሽ ይታከልለታል። ችግሩ እንዲህ ያለው ሰው ሞተር አለመግዛቱ ነው።

ሞተር የሚገዛው እንደ እኔ ያለው ነው። ሥራዬ ወረቀት ማመላለስ ነው፤ የጨረታ ሰነድ፣ ፕሮፎርማ፣ ቼክ፣ አንዳንዴም ሥራ አስኪያጁ ቤቱ የረሳውን የቢሮ ቁልፍ። ጨረታ አራት ሰዓት ላይ ሲዘጋ ከመገናኛ ለገሃር ሦስት ተኩል ላይ በታክሲ እደርሳለሁ የሚል ሰው ካለ እሱ አዲስ አበባን የሚያውቃት በፖስት ካርድ ነው። ስለዚህ ሞተር ያስፈልጋል። ሞተር ካስፈለገ መድን ያስፈልጋል። ርካሽ መድን ቢገኝ ደግሞ ደስ ይላል። ይህ ወግ ስለ ሦስተኛው ምኞት ነው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ነገር ቢኖር ይህች ከተማ ሞተረኛን በጥርጣሬ ማየት የጀመረችው ዛሬ እንዳልሆነ ነው። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ሲገባ፣ በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያ በዛ ተብሎ የከተማው አስተዳደር ሞተር ሳይክልን ሲያግድ፣ መንገድ ላይ የቀረው ባለ ፈቃዱ ነው። እኔም ከባለ ፈቃዶቹ ነኝ። ጂፒኤስ አስገጥሜያለሁ፤ የት እንዳለሁ ከባለቤቴ ይልቅ የሚያውቀው እሱ ነው። ይሁንና ፈቃዱ ኪሴ ውስጥ፣ ጥርጣሬው ፊቴ ላይ ነው። ሄልሜት አድርጎ መድን ቤት በር ላይ የደረሰ ሰው ለዘበኛው ዘራፊ ነው፤ «አውልቅ!» ይባላል፣ ይፈተሻል። ሄልሜት ሳይዝ የገባ ደግሞ ውስጥ ላለችው ሠራተኛ ግዴለሽ ነው፣ አረቦኑ ይጨመርበታል። ትክክለኛው መንገድ ሄልሜቱን እንደ ሕፃን በክንድ ታቅፎ መግባት ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ ቀላል ነበር። ሦስተኛ ወገን የሚባለው መድን ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ ቦሎ የለም፣ ያለ ቦሎም መንገድ የለም። ልጅቷ ሊብሬዬን ተቀብላ የሻንሲ ቁጥሩንና የሞተር ቁጥሩን ገለበጠች፣ ብሩን ከፈልኩ፣ ወረቀቱንና ስቲከሩን ሰጠችኝ። ክፍያው ሙሉ ሽፋን ከሚባለው ጋር ሲተያይ የሚያስደነግጥ አይደለም።

«ስቲከሩን የት ነው የምለጥፈው?» አልኳት።

«መስታወት ላይ ነዋ።»

የእኔ ሞተር መስታወት አለኝ ቢል ስፖኪዮ ነው። ስፖኪዮዬ ላይ ብለጥፈው ሕጋዊነቴ ይታያል፤ ከኋላዬ የሚመጣው አይሱዙ ግን አይታየኝም። አጣጥፌ ከመንጃ ፈቃዴ ጋር ኪሴ ከተትኩት። ትራፊክ ባስቆመኝ ቁጥር ጃኬቴን ከፍቼ ማሳየት ሆኗል ሥራዬ፤ ሕግ አክባሪነቴ ሁልጊዜ ብብቴ አካባቢ ነው።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ባለ ተሽከርካሪ ሁሉ ይህን መድን ሳይገባ እንዳይነዳ ያዛል። አዋጁ ሲወጣ ያስቀመጠውን የካሳ ጣሪያ ያነበበ ሰው ግን ትንሽ መተከዙ አይቀርም። ለሞተ ሰው ከ5 ሺህ እስከ 40 ሺህ ብር፣ ለአካል ጉዳት እስከ 40 ሺህ፣ ለንብረት ጉዳት እስከ 100 ሺህ። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቦሌ መንገድ ላይ አዲስ ላንድክሩዘር አጠገብ ሳልፍ ትንፋሼን እይዛለሁ። ከእግረኛው እግርና ከላንድክሩዘሩ የፊት መብራት የትኛውን አብልጬ መፍራት እንዳለብኝ የነገረኝ ሕጉ ራሱ ነው።

ያም ሆኖ አዋጁን አልነቅፈውም፤ ደግ ነገር አለው። ገጭቶ የተሰወረ ወይም መድን የሌለው መኪና የጎዳው ሰው እንኳ ሜዳ ላይ እንዳይቀር ፈንድ አቋቁሟል። የማላውቀው ሰው፣ በማላውቀው መኪና፣ በማላውቀው መንገድ ቢጎዳ የሚያስብለት አለ። በክረምት ዝናብ ቀለበት መንገድ ላይ ብቻውን ተንሸራትቶ ለወደቀ ባለሞተር የታሰበ ነገር ግን የያዝኩትን ወረቀት ባገላብጥም አላገኘሁም። ወረቀቱ እኔ ሌላውን ስጎዳ እንጂ እኔ ስጎዳ አያውቀኝም። «እንግዲያስ ሙሉ እገባለሁ» ያልኩት ያን ጊዜ ነው። መከራውም የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

አባቶቻችን በዚህ ረገድ ተገላግለዋል። በ1967 ዓ.ም. የመድን ኩባንያዎቹ ተወረሱ፣ በ1968 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ተቋቋመ፣ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን አንድ ድርጅት፣ አንድ ሰልፍ ነበር። ርካሽ ፍለጋ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ የት ይኬዳል? በ1986 ዓ.ም. ለግል ባለሀብት በሩ ተከፈተና ዛሬ ከደርዘን በላይ ሆኑ። ምርጫ መጣ። ከምርጫ ጋር ደግሞ ፎርም መጣ።

ፎርሙ ሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለያየው የወረቀቱ ቀለም ነው። «የሞተሩ ጉልበት ስንት ሲሲ ነው?» ይላል። (አንድ የሥራ ባልደረባዬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ገዝቶ እዚህች ጥያቄ ላይ ግማሽ ቀን ተቀምጧል። ሲሲ የለውማ። «ዜሮ» ብሎ ጻፈ። ዜሮ ሲሲ የሆነ ሞተር አይንቀሳቀስም ብለው መለሱለት። ለነገሩ የማይንቀሳቀስ ሞተር እንደሚወዱ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ፤ እሱ ግን ይህን ቅናሽ ሳይጠይቅ ቀረ።)

«ሞተሩ የት ነው የሚያድረው?» አለችኝ አንዷ፣ ብዕሯን አሹላ።

«ግቢ ውስጥ።»

«ግቢው የእርስዎ ነው?»

«የአከራዬ ነው።»

«ሌላ ተከራይ አለ?»

አለ። ስጠራላት እሷ እያንዳንዱን የምትመዘግበው በተከራይነት ሳይሆን በሌብነት መሆኑ ከፊቷ ይታወቃል። ስለ ጂፒኤሱ ስነግራት ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። «ጥሩ ነው፤ ግን እሱ ሞተሩ የት እንደሄደ ይነግርዎታል እንጂ አይመልስልዎትም» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ራሴ የት እንደሄደ አላጣውም። ሶማሌ ተራ ነው የሚሄደው፤ እዚያ እንደደረሰ ጎማው ወደ አንዱ፣ ካንዴላው ወደ ሌላው፣ ፓራፋንጎው ወደ ሦስተኛው ሱቅ ይበተናል። ጂፒኤሱ ምናልባት ከሁሉ ቀድሞ ይሸጣል።

ስለ ስርቆት ካነሳን አይቀር፣ ሌላ መሥሪያ ቤት ያገኘሁት መልስ ከሁሉ ይበልጥ ገርሞኛል። ሞተሩ ሙሉ ለሙሉ ከተሰረቀ ይከፍላሉ። ስፖኪዮው ብቻ፣ ባትሪው ብቻ፣ ፍሬቻው ብቻ ተነቅሎ ከተወሰደ ግን አይከፍሉም። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሌባ ትሑት ነው፤ የሚወስደው በልኩ ነው። ይህን ሽፋን የሚገባ ሰው ሌሊት ኮሽታ በሰማ ቁጥር መስኮት ከፍቶ «ወንድሜ፣ ለስፖኪዮ ብለህ አትድከም፤ ስታርት አድርግና ሙሉውን ይዘኸው ሂድ» ብሎ መለመን ሊኖርበት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ለምን ዓላማ ይውላል?» የሚል ነው። ለግል ካሉ አረቦኑ አንድ ዓይነት፣ ለሥራ ካሉ ሌላ ዓይነት ነው። ካፌ ያገኘሁት ደላላ ማኪያቶውን እያማሰለ «ለግል በል፤ ማን ያይሃል?» አለኝ። ደግ ሰው ነው። ነገር ግን አደጋ ሲደርስ አስፋልቱ ላይ የሚበተነው የጨረታ ሰነድ ይመሰክርብኛል፤ ማኅተም ያለው ምስክር ነው። የመድን ውል የሚዳኝበት የ1952ቱ የንግድ ሕግ ደግሞ አውቆ ነገር የደበቀን ሰው ውሉን ያፈርስበታል፤ ብሩንም ከፍሎ፣ ካሳውንም አጥቶ መቅረት ማለት ነው። በርካሽ የተገዛ ውሸት ዋጋው የሚጠየቀው አደጋው ከደረሰ በኋላ ስለሆነ «ለሥራ» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ካልኩሌተሯን ስትነካ ጣቷ ሲበረታ ታየኝ።

«ሞተሩ አሁን ስንት ያወጣል?»

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ መልሱ በተጠየቀበት ምክንያት ይወሰናላ። ለአረቦን ከሆነ የእኔ ሞተር አሮጌ ነው፣ ፍሪሲዮኑ ደክሟል፣ ማርሹ ይንቋቋል፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ምስኪን ነው። ለካሳ ከሆነ ግን አዲስ ማለት ይቻላል፤ ባለቤቱ በጥንቃቄ የያዘው፣ ዘይት በየጊዜው የሚቀየርለት፣ ከገበያ የጠፋ ሞዴል ነው። ሁለቱንም ከልቤ ነው የምናገረው። በዚህ ላይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ፣ የመለዋወጫ ዋጋ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። የገዛሁበትን ደረሰኝ ሳሳያት ፈገግ አለች። በዚያ ብር ዛሬ የሚገኘው ጎማና ሄልሜት ነው።

ዝቅ አድርጌ ልጻፍ ስል ደላላው ራሱ ከለከለኝ። እዚህ ላይ ማኪያቶውን አስቀምጦ በናፕኪን ላይ አሰላልኝ፤ ከተገናኘን ወዲህ የተናገረው ቁም ነገር እሱ ነው። ሞተርህ 200 ሺህ ብር የሚያወጣ ሆኖ በ100 ሺህ ብር ብታስመዘግበው ግማሹን ነው መድን የገባኸው። ነገ የ40 ሺህ ብር ጉዳት ቢደርስ 40 ሺህ አይሰጡህም፤ ግማሹን፣ 20 ሺህ ይሰጡህና የቀረውን ግማሽ አንተ ራስህ እንደ መድን ድርጅት ሆነህ ለራስህ ትከፍላለህ። ከዚያችም ላይ ተቀናሽ የሚሉት ነገር አለ። ከእያንዳንዱ ጉዳት የመጀመሪያዋ ድርሻ የባለንብረቱ ናት። ተቀናሹን ከፍ ባደርገው አረቦኑ ዝቅ ይላል። ይህን ስሰማ ወዲያው ገባኝና ደስ አለኝ፤ ተቀናሹን ከሞተሩ ዋጋ በላይ ባደርገው መድኑ በነጻ ሊሆን ነው። ደላላው ሳቀ፤ ልጅቷ ግን በኋላ ስነግራት ይህን ቀልድ ከዚህ በፊት የሰማችው ይመስለኛል።

በመጨረሻ ዋጋውን በትክክል አስገምቼ፣ ተቀናሹን አቅሜ እስከፈቀደ ከፍ አድርጌ፣ ግርግርና ሁከት የሚያደርሰው ጉዳት ለብቻው እንደሚከፈልበት ሰምቼ እሱን ትቼ፣ ሙሉ ገባሁ። ርካሽ ነው ብዬ አልዋሽም። ዓመት ሙሉ ካሳ ካልጠየቅሁ በሚቀጥለው ዓመት ቅናሽ እንዳለኝ ግን በፊርማና በማኅተም ተረጋግጦልኛል።

ልወጣ ስል ሄልሜቴን ታቅፌ ተመለስኩ።

«እህቴ፣ ነጂውስ?»

«የቱ ነጂ?»

«እኔ። ብወድቅ፣ እግሬ ቢሰበር…»

«እሱ እዚህ ውስጥ የለም። ሙሉው ለሞተሩ ነው። ለእርስዎ የግል አደጋ መድን የሚባል አለ፣ ለብቻው ነው የሚገባው፤ ብዙም ውድ አይደለም» አለችና ሌላ ፎርም አወጣች። ስም ጻፈች፣ ዕድሜ ጻፈች፣ «ሥራዎ?» ብላ ቀና ስትል ክንዴ ላይ ያለው ሄልሜት ጋ ዓይኗ ቆመ። ብዕሯን አስቀምጣ «አለቃዬን ጠይቄ እደውልልዎታለሁ» አለችኝ። ስልኬን አሁንም ድምፁን ከፍ አድርጌ ነው የምይዘው።

ማታ ይህን ለአክስቴ ባወራላት «ምን ያንከራትትሃል? እድር አትገባም?» አለችኝ። እሷ ከሰፈራችን እድር ጋር ያላት ትውውቅ አንድም ባንክ ከማንም ጋር የለውም። እድር ሲሲ አይጠይቅ፣ ሻንሲ አይገለብጥ፤ ወርኃዊውን ከፍሎ የለቀስተኛ ወግ የጠበቀ ሁሉ ድንኳኑ ይተከልለታል፣ ንፍሮው ይቀቀልለታል፣ ወንበሩ ይደረደርለታል። እሑድ ስብሰባ ላይ ቀርቤ ልመዝገብ አልኩ። የእድሩ ዳኛ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ሞተር ትነዳለህ አሉ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ጸሐፊውን አዩት፤ ጸሐፊው ገንዘብ ያዡን አየው። እንዲህ ያለ የአደጋ ግምት ከመድን ቤቶቹ በአንዱም አላጋጠመኝም፤ ካልኩሌተር የለ፣ ሠንጠረዥ የለ፣ በሦስት ሰው ዓይን ተሰልቶ አለቀ። ጋሼ የመመዝገቢያውን ነገሩኝና ቀጠሉ፤ «ሕጋችን አዲስ አባል ስድስት ወር ሳይሞላው አይወጣለትም። ስለዚህ ልጄ፣ ስድስት ወሩ እስኪሞላ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ከስድስት ወሩ በኋላስ ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

እነሆ አሁን ሁሉም ነገር ተሸፍኗል። የምገጨው ሰው ተሸፍኗል፤ የምገጨው መኪና ተሸፍኗል፤ ሞተሬ ተሸፍኗል፤ ብሞት ለቀስተኛው ወንበር አለው። ያልተሸፈነው ከሞተሩ ወድቆ እድር እስኪደርስ ድረስ ያለው እኔ ነኝ። እዚያ ቦታ ላይ ያለኝ የአክስቴ ጸሎት ነው፤ እሱም ተቀናሽ ይኑረው አይኑረው አልነገረችኝም።

ባለፈው ሰሞን ሜክሲኮ አካባቢ የዚህ ሁሉ ወረቀት መፈተኛ መጣ። ሚኒባስ ድንገት ጥግ ያዘ፣ ወያላው በሩን በረገደው፣ እኔም ከበሩ ጋር ተገናኘሁ። ፍሬቻዬ ተሰበረ፣ ፓራፋንጎዬ ታጠፈ፤ የእሱም በር ላይ ረጅም ጭረት ወጣ። እኔ ደኅና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ተላጠ፣ እሱም የትኛውም ውል ውስጥ ስላልተጠቀሰ ማንም አላየውም። ሾፌሩ ወረደ፣ ተሳፋሪው በመስኮት ወጣ፣ ገሚሱ ለሞተረኛ፣ ገሚሱ ለሚኒባስ ፈረደ። ትራፊኩ መጣ።

«ፕላን ላንሳ ወይስ ትስማማላችሁ?»

«መድን አለኝ» አልኩ፣ ጃኬቴን ከፍቼ።

«እኔም አለኝ» አለ ሾፌሩ።

ተያየን። እሱ ፕላን ተነሥቶ ጉዳዩ እስኪያልቅ መኪናው ቢቆም የስንት ቀን ገቢ እንደሚቀርበት ያሰላል። እኔ ፍሬቻና ፓራፋንጎ ከተቀናሹ በላይ እንደማይሄድ፣ ከሄደም ካሳ በጠየቅሁ ማግስት የከርሞው ቅናሽ እንደሚቀርብኝ አሰላለሁ። ትራፊኩ የሁለታችንንም ስሌት ሳንነግረው ያውቀዋል፤ ፊሽካውን አፉ ውስጥ ከትቶ ይጠብቃል። ከኋላችን ያለው መኪና ሁሉ ጥሩምባውን ይነፋል።

«በል ስንት ልስጥህ?» አለ ሾፌሩ።

ተከራከርን፣ ተስማማን። ወያላው ከጣቶቹ መካከል ብሩን እየመዘዘ በዝርዝር ቆጠረልኝ። ሾፌሩ ሊሳፈር በሩን ከያዘ በኋላ አንድ ነገር እንደቆረቆረው ዞር አለ።

«ለመሆኑ ለዚያ ሙሉ ለምትለው በዓመት ስንት አስከፈሉህ?»

ነገርኩት።

ትንሽ አየኝና ወያላውን ጠራው። «መቶ ብር ጨምርለት» አለው።